የማክሰኞው ፍሬን

ገንፎው ጓጎለ።

«ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ ነሰነስሽው፣ አይደል?» አለች እናቷ ከኋላዋ፣ ከምሳ ዕረፍት ወደ ፋብሪካ ልትመለስ አንድ እጇን በሥራ ልብሷ እጅጌ ውስጥ እየከተተች። «ስንቴ ልንገርሽ? መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ነው ፈላው ላይ የሚጨመረው።»

ልጅቷ ማማሰያውን እንደያዘች ድስቱ ውስጥ አየች። የበቆሎው ዱቄት እዚህም እዚያም ተድቦልቡሎ፣ ላዩ በስሎ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ቀርቷል። ጤነኛ ሰው እንኳ ቢበላው ጥርሱ ላይ ይጣበቅበታል። አባቷ ደግሞ ጤነኛ አይደለም። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ የላይና የታች ጥርሱ በቀጭን ሽቦ እርስ በርሱ ታስሯል። ሐኪሙ «አምስት ሳምንት አፉን አይከፍትም፤ በስትሮ የሚሳብ ቀጭን ነገር ብቻ ስጡት» ብሎ ነበር ያሰናበታቸው።

«ድፊውና እንደገና ሥሪው» አለች እናቷ። ጫማዋን እያሰረች ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጓዳውና አባትየው የተኛበትን ክፍል የሚለየው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። «እኔ ዘጠኝ ሰዓት ከፋብሪካ ስወጣ ቀጥታ ወደዚያ ብስክሌት ጠጋኝ ሱቅ ነው የምሄደው። ደንበኛው ሁሉ እየሰማ ነው የምነግረው። ፍሬን ሠራሁ ብሎ ሰው ወደ ሞት ይሰዳል እንዴ?»

«እማዬ፣ ምናልባት...»

«ምናልባት ምን?»

ልጅቷ ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገችው። «ምንም።»

በሩ ተዘጋ። የእናቷ እርምጃ ደረጃውን ወርዶ እስኪጠፋ ድረስ ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

አባቷ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት በብስክሌት ከቤት ቤት እየዞረ፣ ክዳን እየከፈተ፣ ቁጥር እየመዘገበ ይውላል። የየትኛው ግቢ ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ጮሆ ብቻ እንደሚተው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ግን የኋላ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ አስቸገረውና፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብስክሌቱን አስረከባት። «ሻለቃ» አላት፤ ትንሽ ሳለች ቤተሰቡን ሁሉ እየተቆጣች ስለምታዝ ያወጣላት ስም ነው። «ለጠጋኙ ለጋሼ ካቴና ውሰጂለትና የፍሬኑን ጎማ ይቀይርልኝ። ነገ ዳገታማው ሰፈር ነው ተራዬ። አደራ!»

አደራውን ተቀብላ ወጣች። መንገድ ላይ ግን ጓደኛዋን ቅመምን አገኘቻት። ቅመም ብስክሌት መንዳት ለመማር ካሰበች ዓመት አልፏታል። «አሥር ደቂቃ ብቻ፣ በናትሽ!» አለች። ከኳስ ሜዳው ጀርባ አንዷ ስትገፋ አንዷ ስትወድቅ፣ ሳቅ በሳቅ ሆነው አሥሩ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ሆነ። ጠጋኙ ሱቅ ስትደርስ በሩ ተቀርቅሯል።

«አሠራሽው?» ሲላት አባቷ፣ እራት ላይ ነበር። «ዘግቶ አገኘሁት» ማለት ይበቃ ነበር። ግን «ምን ስትሠሪ አምሽተሽ?» የሚለው ጥያቄ ተከትሎ እንደሚመጣ አወቀች። «አዎ፣ ቀይሮታል» አለች፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ነገ በማለዳ ተነስቼ እወስደዋለሁ ብላ ነበር፤ ስትነቃ አባቷ ሄዷል። ረፋዱ ላይ ቁልቁለቱን ሲወርድ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ከግቢ ወጣበት። የኋላ ፍሬኑን ያዘ፤ አልይዝ አለው። የፊቱን ሲይዝ ብስክሌቱ ተገለበጠና እሱ በአገጩ ድንጋይ ላይ ወደቀ።

አሁን፣ ጓዳው ውስጥ፣ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ቅመም ናት።

«እማዬ ዛሬ ሱቁ ልትሄድ ነው» አለቻት ልጅቷ፣ በሹክሹክታ።

«ትሂዳ! አንቺ ምን አገባሽ?»

«ሰውዬው እኮ ምንም አላደረገም። አላመጣችልኝም ቢልስ?»

«ቢልስ? አታካብጂ ባክሽ። ሽማግሌው ትናንት የበላውን አያስታውስም እየተባለ ነው። እሱ ያለውና አንቺ ያልሽው እኩል ነው? ደግሞ እኔን እንዳታነሺኝ። አባቴ ብስክሌት ላይ መውጣቴን ቢሰማ ይገድለኛል።»

ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው።

የጓጎለውን ደፍታ ድስቱን ፈግፍጋ አጠበች። እንደገና የበቆሎ ዱቄት ነፋች፤ በዚህ ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠችው፣ በማንኪያው ጀርባ እየደፈጠጠች አንዲት ድቡል እስክታጣ ድረስ። ከዚያ ፈላው ውሃ ላይ በቀጭኑ እያፈሰሰች አማሰለች። እሳቱን ቀነሰች። ገንፎው ቀስ እያለ ወፈረ፣ ቡልቅ ቡልቅ አለ፣ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታው ጠፋ። ትንሽ ጨው ጣል አደረገችና እንዲቀጥን ወተት ጨመረችበት። በሻይ ማጥለያም አጠለለችው። ክንዷ ዝሏል፤ ቢሆንም ማማሰሉን በማቆም ፈንታ ሌላ ድስት ቢኖር በወደደች ነበር። እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳቧ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሮጥባታል።

ብርጭቆውን ከነስትሮው ይዛ መጋረጃውን ልትገልጥ ስትል በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ካቴና ነበሩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ጥፍራቸው ሥር እንደወትሮው የግራሶ ጥቁረት አለ።

«ልጄ፣ አሁን ገና ነው የሰማሁት። ነቅቷል?»

«አዎ» አለች፣ ከበሩ ፈቀቅ ብላ።

ገብተው አልጋው አጠገብ ወንበር ሳቡ። አባቷ ያበጠ ፊቱን ዞር አድርጎ በዓይኑ ሰላም አላቸው። «አይዞህ፣ አይዞህ» አሉ ሽማግሌው፣ ጉልበቱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ። «መንጋጋ ይድናል። ዋናው ጭንቅላትህ መትረፉ ነው። ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው?»

አባቷ ትራሱ ላይ ያለውን ደብተር አንስቶ ጻፈ። ሽማግሌው ደብተሩን ተቀብለው፣ ክንዳቸው የቻለውን ያህል አርቀው ይዘው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ አነበቡት።

«የኋላ ፍሬኑ አልያዘልኝም። ማክሰኞ ልጄ ስታመጣልዎ የፍሬኑን ጎማ ቀይረውት አልነበረም?»

ከዚያ ቀና ብለው ልጅቷን አዩዋት።

«ማክሰኞ አምጥተሽልኝ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

ብርጭቆው እጇ ላይ ይፋጃል። አባቷም እያያት ነው። «አላመጣሁም» የሚለው ቃል አፏ ላይ ደረሰ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። ወደ ላይና ወደ ታች። አዎ።

ሽማግሌው ሳይናገሩ ወደ ግቢ ወጡ። ከመስኮቱ ይታዩዋታል፤ የፊት ጎማው እንደ ስምንት ቁጥር የተጣመመው ብስክሌት አጠገብ ቁጢጥ ብለው የኋላውን ፍሬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ደግመው ዳሰሱት። ሲመለሱ ፊታቸው የሌላ ሰው መስሏል።

«አሮጌው ነው ያለው» አሉ። «አልቆ ብረቱ ወጥቷል። አዲሱን ልገጥም አውጥቼ፣ አሮጌውን መልሼ አስሬዋለሁ ማለት ነው።» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ባለፈው ሳምንት ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ትቼ ወጥቼ ቤቱ ሊቃጠል ነበር። የራሴ ልጅ 'አባባ፣ ይብቃህ፣ ቤት ተቀመጥ' ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ እጄ አይረሳም እላት ነበር። ዓይኔም ጭንቅላቴም ቢከዳኝ እጄ አይረሳም! ለካ እሱም ረስቷል።» ከዚያ ወደ አባትየው ጎንበስ አሉ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ማክሰኞን ባስበው ባስበው አልመጣልህ አለኝ። ጨርሶ!»

አባቷ እጃቸውን ይዞ ቆየ። ሽማግሌው ሲወጡ ባርኔጣቸውን ረስተው ወንበሩ ላይ ትተውት ነበር፤ ልጅቷ ብርጭቆውን ለአባቷ አቀብላ እየሮጠች ደረጃው ላይ ደርሳ ስትሰጣቸው «አየሽ?» አሏት። ፈገግ ለማለት ሞክረው ሳይሆንላቸው ቀረ።

ስትመለስ አባቷ ስትሮውን በከንፈሩ ጥግ ይዞ ገንፎውን እየሳበ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸገር ወረደለት። በግራ እጁ ጫረ፦ «ሻለቃ፣ ሞያ ተማርሽ እኮ!» ከዚያ ትንሽ አሰበና ከሥሩ ጨመረ፦ «እናትሽ ሱቁ እንዳትሄድ ንገሪያት። ምስኪን ሽማግሌ ነው። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ።»

ልጅቷ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው።

«አባዬ» አለች።

«እህም» አለ በሽቦው መሃል።

«አልወሰድኩትም።»

ቅንድቡን አነሳ፤ አልገባውም።

«ብስክሌቱን። ማክሰኞ። ለጋሼ ካቴና አልወሰድኩትም። ሜዳ ላይ ስንጫወትበት መሸብን፤ ስደርስ ተዘግቷል። ጠዋት እወስደዋለሁ ብዬ ነበር... ከዚያ አንተ ሄድክ።» የምታወራው ለብርድ ልብሱ ነበር እንጂ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «እሳቸው ምንም አላደረጉም። አሁን ራሱ ሲጠይቁኝ ዋሸሁ።»

አባቷ ስትሮውን ከከንፈሩ አወጣ። ብርጭቆውን ገና ግማሽ ገንፎ እያለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ድሮ ሲቆጣ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ያኔ ሁለት ደቂቃ ጮሆ ይወጣለታል። አሁን ቁጣው መውጫ አጥቶ ዓይኑ ውስጥ ቆመ። ደብተሩን ሳበ። ጻፈና ሰረዘው። እንደገና ጻፈ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ ሰረዘው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባዬ፣ ተቆጣኝ። የፈለግከውን ጻፍ» አለች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

አልዞረም። ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ገንፎ ቀዝቅዞ ላዩ ረጋ። በመጨረሻ ግን እጁ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ደብተሩን ፈለገ፤ እያየ ሳይሆን በዳሰሳ አንድ መስመር ጫረበት። ፊደሉ ተንጋዷል።

«እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?»

«ዘጠኝ» አለች። ሁለቱም የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ለዘጠኝ አሥራ አምስት ጉዳይ ይላል። ፋብሪካው ከሱቁ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከዚህ ግን በሩጫም ቢሆን ከሃያ ደቂቃ አያንስም።

ጫማዋን ማሰሪያው እንደተፈታ አጠለቀችው።

የጠጋኙ ሱቅ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሼ ካቴና በርጩማ ላይ ተቀምጠው መፍቻና ጉጠት ከግድግዳ እያወረዱ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይደረድራሉ። የጎረቤቱ በያጅ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ደጃፉ ላይ ደግሞ ሁለት ሰዎች ብስክሌታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

«ይኼን አንተ ውሰደው፤ ይጠቅምሃል» አሉት በያጁን፣ አንድ ረጅም መፍቻ እያቀበሉት። «እነዚህንም ሰዎች አስተናግዳቸው። እኔ ከዛሬ ጀምሮ የሰው ነፍስ አልነካም።»

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? የአንድ ቀን ስህተት...»

ልጅቷ ትንፋሿ ተቆራርጦ በሩ ላይ ቆመች። ጎኗን ውጋት ቀስፎ ይዟታል። ከመንገዱ ማዶ፣ በመኪኖቹ መሃል፣ የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደዚህ የምትገሰግስ ሴት ታየቻት። በአካሄዷ ብቻ ንዴቷ ይነበባል።

«ጋሼ» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምነው ልጄ? ባሰበት እንዴ?»

«ማክሰኞ ብስክሌቱን አላመጣሁልዎትም» አለች፤ ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር የወጣት።

«ምን አልሽ? ጆሮዬም እኮ...» መዳፋቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ጎንበስ አሉ። በያጁ ዞሮ አያት። ተራ የሚጠብቁት ሁለቱም ዞሩ። ከጀርባዋ የእናቷ ጫማ የሱቁን ደፍ ሲረግጥ ሰማች፤ የእናቷ ትንፋሽ አንገቷ ሥር ደረሰ።

ዞራ አላየችም። ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ጠጋ አለች፤ ድምጿንም ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ ከፍ አደረገችው።

«ማክሰኞ ብስክሌቱን አላመጣሁልዎትም፣ ጋሼ። ዋሽቼ ነው። እጅዎ ምንም አልረሳም።»