ሰባት ማይክሮን

ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ገታ።

«ዛሬ ካንተ ምንም አልቀበልም» አለ በለሆሳስ። «ጋሼ ራሱ መጥቷል።»

መርፌ አልተንቀሳቀሰም። የምስል ካርዱ በፎጣ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ያነሳል፣ ካርዱ ወደ ስለላ አለቆቹ ይሄዳል፣ እሱም ተላጭቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጋሼ እዚህ መጥቶ አያውቅም።

«መርፌ» የስለላ ስሙ ነው። በመድኃኒት ፋብሪካው ላቦራቶሪ የሚያውቁት በምስል ለኪነቱ ነው። አዲሱን የመገጣጠሚያ ሕመም ክኒን ከሞከሩ ሰዎች ጉበት የተወሰደ ቁራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይነሳል። እሱ ደግሞ በየሕዋሱ ውስጥ ያሉትን ማይቶኮንድሪያዎች፣ የሕዋሱን ማገዶ ቤቶች ማለት ነው፣ አንድ በአንድ ይለካል። አብጠዋል። አንዳንዶቹ ሊፈነዱ ደርሰዋል። ክኒኑ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ይወጣል።

ጋሼ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለዚህ ሥራ የመለመለው፣ ሲታመምም ያስታመመው ሰው ነው።

«አበቃ ልጄ። የላክሃቸውን ባለሙያ አየልን፤ ጤነኛ ናቸው። ዛሬውኑ ውጣ።»

«ጤነኛ?»

«እንካ፣ ራስህ እየው።»

ወረቀቶቹን ዘረጋለት። የራሱ ምስሎች ናቸው። ከሥር፣ ይህን ያህሉ አንድ ማይክሮን፣ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ ነው የምትል የመለኪያ መስመር አለች። በእሷ ሲለካ፣ እውነትም ማገዶ ቤቶቹ ደህና ናቸው።

ዓይኑ ግን ወደ ዳር ሄደ፤ በሕዋሶቹ መካከል ባለው የደም መተላለፊያ ወደተኙት ቀይ የደም ሕዋሶች። ይህን ያስተማረችው እታለም ናት፤ የላቦራቶሪው አንጋፋ ለኪ። አለቃውም ዘበኛውም እታለም ነው የሚላት። «መስመር ሰው ያሰምረዋል» ትላለች። «ቀይ ሕዋስ ግን የፈጣሪ ማስመሪያ ነው። ከሰባት ማይክሮን ብዙ አይርቅም።»

እዚህ ወረቀት ላይ ትልቁ አምስት አይሞላም። አንዱ ሕዋስ ዳር ዳሩን ተቆርጦ ቢያንስ የተለመደ ነው። ሌላውን አየ። ሌላውንም።

ሁሉም አንሰዋል።

መስመሯ ተቀይራለች። እሱ ሲልካት እንዲህ አልነበረችም። ፀጉር አስተካካዩ የታሸገ ያቀብላል እንጂ አይከፍትም። ከዚያ ወዲያ ያለው የጋሼ እጅ ብቻ ነው።

ጋሼ ከድቷል።

ሊናደድ ሞከረ። ምንም አልመጣለትም።

«እሺ ጋሼ» አለ።

«ካርዱን።»

ሰጠው።

«ኮቴን ከቢሮ ላምጣ። ጥዬው ከሄድኩ ይጠራጠራሉ።»

ጋሼ በመስተዋቱ ውስጥ ትክ ብሎ አየው። «አትቆይ» አለ። እጁ ግን ስልኩን መፈለግ ጀምሮ ነበር።

ላቦራቶሪው ሲገባ እታለም ከስክሪኑ ዓይኗን አላነሳችም። «ዘገየህ ወንድሜ። ምሳ በላህ?»

በሩን ዘጋና ነገራት። ልኩ እንደተቀየረ፣ ክኒኑ በውሸት ሊወጣ እንደሆነ፣ እዚህ ያሉት ምስሎችም ዛሬ ሳይጠፉ እንደማይቀሩ። የቀረው ቁራጩ ራሱ ነው፤ በደረቅ ሙጫ ውስጥ የተቀበረው ጉበት። ማንም ቆርጦ እንደገና ሊለካው ይችላል። የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ እሷ ጋ ነው።

«ደግመህ ለክተሃል?» አለችው። የዘወትር ቃሏ ነው፤ ደግመህ ለካ፣ ያው ከሆነ ጻፈው።

«ደግሜ ለክቻለሁ።»

«እኔም ለክቻለሁ። ለአለቃው ስነግረው መነጽርሽን ቀይሪ አለኝ።»

መሳቢያውን ከፈተች። ቁራጩ በመጠኑም በቅርጹም ክኒን ነው የሚመስለው። መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«የምጠራህ በስምህ እንዳልሆነ ገብቶኛል» አለች። «እውነተኛውን ግን እንዳትነግረኝ። ከጠየቁኝ መዋሸት አልችልበትም።»

«አብረን እንውጣ።»

«ሁለታችንም ከጠፋን የግቢውን በር ይዘጉታል። ሂድ!»

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ኮቴ ተሰማ።

«አትግባ!» ጮኸች እታለም ወደ በሩ። «ምስል እያነሳሁ ነው! ወለሉ ከተንቀጠቀጠ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ!»

ኮቴው ቆመ። ዘበኛው ለዓመታት ስትጮህበት ኖራለች፤ ለምዷል። መርፌ በዕቃ ማጠቢያው በኩል ወጣ።

የግቢው በር ላይ ሌላው ዘበኛ ኪሱን ገለበጠ፣ ጫማውን አስወለቀው።

«እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?»

«የራስ ምታት ክኒን።»

«ዋጠዋ!»

ምላሱ ሥር ደበቀው፤ ጉሮሮውን ብቻ አንቀሳቀሰ።

«እግዜር ይማርህ» አለው ዘበኛው።

ቀጥታ ወደ ጋሼ የበላይ ሄደ። ሌላ ላቦራቶሪ ቁራጩን ቆርጦ ለካው። ክኒኑ ታገደ። ጋሼ ታሰረ።

«ጥሩ ሠርተሃል» አለው የበላዩ።

«ሴትዮዋስ? በስርቆት ተከሳለች።»

«የእኛ ሰው አይደለችም። እናውቃታለን ካልን አንተን ማጋለጣችን ነው።»

«አጋልጡኝ።»

«ትእዛዝ ነው። አርፈህ ተቀመጥ።»

አርፎ ተቀመጠ። ዳኛው ክኒኑ ሌላ፣ ስርቆቱ ሌላ ብሎ ፈረደባት። ማን ወሰደው ሲሏት የምታውቀውን ስም ሰጠች፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ግን አልተገኘም። የተፈረደባት ቀን መርፌ እራቱን በላ፣ ተኛ። ማልቀስ እንደነበረበት ያውቃል። አላለቀሰም።

ሌላ ስም ሰጡት። ከተማውን እሱ መረጠ፤ የእታለም የትውልድ ከተማ። የሚያውቁት ሰው አገር አይኬድም፤ ደንብ ነው። እሱ ግን ሄደ፤ መነጽር ቤትም ተቀጠረ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጠዋት እታለምን እህቷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። ከስታለች። ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች። እሱ ማስመሪያውን ግንባሯ ላይ አጋደመና በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ያለውን ርቀት ለካ።

«ስንት ነው?»

«ስልሳ ሁለት ሚሊሜትር» አለ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ።

ወደ ድምፁ ዞረች። እህቷ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን መነጽሮች ታያለች።

«ደግመህ ለካ ወንድሜ።»

ማስመሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ደግሞ ለካ።

«ያው ነው እታለም።»

«እንግዲያው ጻፈው» አለችና እህቷን ጠራች።

ጻፈው።