ድምፁን ባጠፋነው ፊልም መሀል

ጂን፣ ዛር፣ መንፈስ የሚባል ወሬ ሲነሳ ከንፈሬን ጠምዝዤ ከመሀል የምነሳ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ይመስክሩ፣ አሁን የምነግራችሁ ነገር በእኔው ላይ ባይደርስ ኖሮ ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ከት ብዬ ነበር የምስቀው። ግን አለማመንና አለመፍራት ለየቅል ናቸው። እኔ አላምንም፣ ግን እፈራለሁ፣ ሊፍት ውስጥ መብራት ብልጭ ካለ አጠገቤ የቆመውን የማላውቀውን ሰው ክንድ ጨምድጄ የምይዝ ነኝ፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም።

ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ዓረብ አገር፣ አል ሪጋ የሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፣ ሆቴሉ ሲዘጋ «ደውለን እንጠራችኋለን» ብለው ወደየቤታችን ሰደዱን። የምኖረው እዚያው አካባቢ ዴራ ውስጥ ቤድ ስፔስ ይዤ፣ ከጋራ ክፍል አንዲት አልጋ ተከራይቼ ነው፣ በደጉ ጊዜ ተደራርበን የምንተኛበት ክፍል፣ አብረውን የነበሩት ልጆች በተገኘው በረራ ሁሉ አገር ቤት ሲገቡ ባዶ ሆነና እኔና ዘይነባ ብቻ ቀረን። ዘይነባ የከሚሴ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ የሰው ቤት ታጸዳ ነበር፣ ማዳሞቿ በሽታውን ፈርተው «ለጊዜው አትምጪ» አሏት። ቤቱ ውስጥ የነበረን ነገር የእኔ ላፕቶፕ፣ ሩዝና ማለቂያ የሌለው ጊዜ ነው።

ዘይነባ ደግሞ አስፈሪ ፊልም ትወዳለች፣ የማዳም ልጆች ሲያዩ ከኋላ ልብስ እያጣጠፈች አብራ እያየች ለምዳው።

«ማሂ፣ አንድ የሚያስፈራ ነገር ክፈችልን እስቲ» አለችኝ አንድ ቀን።

«አልወድም።»

«አልወድም ሳይሆን አልችልም በይ።»

ይህቺ ቃል ገባችብኝ። እንደኔ ፈሪ የሆነ ሰው የሚገባው ነገር አለ፣ ፈሪ መሆን አንድ ነገር ነው፣ ፈሪ መባል ግን ሌላ ነው። በማግስቱ ቁጭ ብዬ አስፈሪ ፊልም እንዴት እንደሚመረጥ ማጥናት ጀመርኩ፣ እመኑኝ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ እንኳ እንደዚያ ተዘጋጅቼ አላውቅም። መጀመሪያ ለልጆች የተሠራ፣ መናፍስቱ የሚዘፍኑበት ካርቱን። ከዚያ ጥቁርና ነጭ የድሮ ፊልም፣ ጭራቁ የላስቲክ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መሆኑ ከዚፑ የሚታወቅ። ከዚያ ሳቅ የተቀላቀለበት፣ ሰው በደነገጠ ቁጥር የሚያስቅ። አሻንጉሊት ያለበትን አላይም፣ ሕፃን ልጅ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚያወራበትን አላይም፣ የየትኛውንም ፊልም መጨረሻ ደግሞ አስቀድሜ አንብቤ ነው የምገባበት። ዘይነባ ሳቋን ማቆም አቃታት።

«መጨረሻውን ካወቅሽው ምኑን ታይዋለሽ?»

«መሀሉን።»

ትልቁ ግኝቴ ግን ሌላ ነው። አስፈሪ ፊልም የሚያስፈራው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፣ ያ ቀስ እያለ የሚመጣው ሙዚቃ፣ ያ በር ሲጥጥ ሲል የሚሰማው። ድምፁን ካጠፋችሁት ሰዎች ባዶ ቤት ውስጥ ሲመላለሱ ብቻ ነው የምታዩት። ስለዚህ ነገሩ ሲከብድ ድምፁን አጠፋለሁ፣ ሲያልፍ እከፍታለሁ። በዚህ ዘዴ እያልኩ፣ ዘይነባ እንደምትለው ዋላሂ፣ ሰዎች ፊታቸውን በትራስ ሸፍነው የሚያዩት ፊልም ላይ ደረስኩ፣ ኩራቴን ብታዩት።

የነገሩ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይ ውጭ እየነደደች፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን አንዲት ሴት ብቻዋን ትልቅ ቤት የምትጠብቅበትን ፊልም ይዘናል። ሴትዮዋ ደረጃ መውጣት ስትጀምር ድምፁን አጠፋሁ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ብቻ ነበር የሚሰማው። ያኔ ነው አንድ ሰው የተናገረው።

«እህቴ፣ ክፈቺልኝ።»

ጩኸት አልነበረም። በር ማዶ የቆመ ሰው፣ የተኙ እንዳይቀሰቀሱ ብሎ ዝግ አድርጎ እንደሚያወራው ነው። ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ፣ ድምፁ እንደጠፋ ነው፣ ሴትዮዋም አፏ ግጥም ብሏል። ላፕቶፑን ዘጋሁት። እንደገና መጣ፣ አሁን ከአልጋዬ ራስጌ ካለው ግድግዳ። ዘይነባ እጄን ያዘችኝ።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

ከግድግዳው ማዶ ያለው የጎረቤቶቻችን ቤት ነው፣ የውበት ሳሎን ውስጥ የሚሠሩ የስሪላንካ ልጆች ነበሩበት፣ ሁሉም ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሻንጣ ሲያወርዱ በዓይናችን አይተናል። ቤቱ ባዶ ነው።

«ቁጭ በይ» አለችኝ ዘይነባ፣ ከንፈሯ በዱዓ እየተንቀሳቀሰ። «ማን እንደሆነ ሳይታወቅ አቤት አይባልም።»

እሷ እውነቷን ነው፣ እኔም ያደግኩት ይህንኑ ሰምቼ ነው። ግን ስሙኝ፣ እኔ እኮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፣ ለሚጣራ ሰው «አቤት፣ መጣሁ» ማለት እንጀራዬ ነው፣ እግሬ ከልቤ ቀድሞ ተነሳ። ማስኬን አደረግኩና ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የጎረቤቱን በር አንኳኳሁ። መልስ የለም። ጆሮዬን ስለጥፍ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ውሃ።

ወደ ታች ወርጄ የሕንጻውን ጠባቂ ይዤው መጣሁ፣ ቁልፍ በእጁ ነው፣ ግን መክፈት አልፈለገም።

«ሰው የለም፣ ኸላስ፣ ሁሉም ሄደዋል» አለኝ።

«ውሃውን ስማ።»

«በሽታ ካለስ? አለቃዬ ምን ይለኛል?»

በዚያች ሆቴል የተናደደ እንግዳ የማረጋጋበት ድምፅ አለኝ፣ አይጮህም፣ አይለምንም። በእሱ ነው የነገርኩት፦ «ክፈተው። ሙሽኪላ፣ ጣጣ ከመጣ እኔ ነኝ ያስከፈትኩህ በል።»

ከፈተውና እሱ ደጃፉ ላይ ቀረ። እኔ ገባሁ። ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ አንዷ ብቻ ተነጥፋለች፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ስጣራ የሚመልስ የለም። ዞር ስል ዘይነባ ከኋላዬ ቆማለች፣ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማ፣ የወጥ ቤት ቢላ ይዛ፣ እንደዚያ ፈርታ ተከትላኝ መጥታለች። በቢላው ጫፍ መቆለፊያውን አዞረችው።

ኩማሪ ነበረች፣ ከስሪላንካ ልጆቹ አንዷ። ከጓደኞቿ ጋር ሄዳለች ያልናት ኩማሪ፣ በረራው ላይ ቦታ አጥታ ሳናያት ተመልሳ ብቻዋን የቀረችው፣ በምንጋራው ግድግዳ ሥር ተዘርራ፣ ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። አምቡላንሱ መጥቶ ወሰዳት፣ ሐኪሙ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ማለቱን ኋላ ሰማን።

ከዚያ በኋላ የነበረኝን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ጠባቂው ወሬውን ፎቅ በፎቅ አዳረሰው፣ የማናውቃቸው ሰዎች ደጃችን ላይ ምግብ ያስቀምጡ ጀመር። ዘይነባ ወደ ከሚሴ እየደወለች «ፈሪ የምላችሁ ልጅ የለችም? እሷ ናት የሞት በር ያስከፈተችው» ትላለች፣ እኔ አልሰማሁ መስዬ እሰማለሁ። እናቴም ስልክ ላይ አለቀሰች።

ኩማሪ ድና ስትመለስ ማንጎ ይዛ መጣች፣ ደጃፍ ላይ ራቅ ብላ ቆማ በእንግሊዝኛ አመሰገነችን።

«ግን እንዴት አወቃችሁ?» አለች።

«ስትጣሪ ሰማንሽ።»

እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። «እኔ አልተጣራሁም። ድምፄ ከመውደቄ በፊት ጠፍቶ ነበር፣ ከጓደኞቼ ጋር እንኳ የምጻጻፈው በስልክ ነበር።»

«ትኩሳቱ አስረስቶሽ ይሆናላ» አልኳት።

«ይሆናል» አለች፣ ከዚያ ፈገግ ብላ «በምን ቋንቋ ተጣራሁ?» አለች፣ ለቀልድ ነው።

እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር፣ እመኑኝ። ኩማሪ አንዲት የአማርኛ ቃል አታውቅም።

እሷ ስትሄድ በሩን ዘጋን። ዘይነባ «አንቺ ምን ሲል ነው የሰማሽው?» አለችኝ።

«‹እህቴ፣ ክፈቺልኝ› ስትል ነዋ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «ስትል?»

«ሴት አልነበረችም እንዴ?»

«እኔ የሰማሁት ወንድ ነው» አለች። «ያልሽውንም አላለም።»

ምን እንዳለ ስጠይቃት «ሌላ ጊዜ» ብላ ማንጎውን ማጠብ ጀመረች። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም። ሆቴሉ ተከፍቶ ሥራ ገባሁ፣ እሷም አገር ቤት ጠቅልላ ገባች፣ አሁንም እንደዋወላለን፣ ስለ ልጆቿ ታወራኛለች፣ ያን ወሬ ሳነሳ መስመሩ ይቆራረጥባታል። ባለፈው ግን አልለቅሽም አልኳት።

«ስለ ኩማሪ አልነበረም» አለችኝ። «ስለ አንቺ ነው ያወራው።»

«ክፉ ነገር ነው?»

«ክፉ አይደለም» አለች፣ «ግን ገና ነው፣ ያለው ነገር አልደረሰም።»

ምኑ ገና እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም፣ ያን በር ያስከፈትኩት ሴት፣ ይህን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።