የቀኝ በሩ ጭረት

ሰውዬው የመኪና ሆድ በሚታጠብበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ተንጋሎ ሲገኝ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልሞላም ነበር። ጭንቅላቱ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ጥቁር መኪናው ከጉድጓዱ አፍ አንድ እርምጃ ርቃ፣ አረፋ እንደለበሰች ቆማለች።

የላቫጆው ሠራተኞች ሲያሙት «ጋሽ ጭረት» ይሉት ነበር። ሌላው ሰው መኪናውን አሳጥቦ መንገዱን ይቀጥላል፤ እሱ ግን ዙሪያዋን ጭረት ይፈልጋል፤ ፈልጎም አጥቶ አያውቅም። አንዴማ «እናንተ ካጠባችኋት ወዲህ የራዲዮኗ ድምፅ ቀጠነ» ብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ አምባርቋል። ሰው ሞቷልና አይታማ ይሆናል፤ የሆነውን ግን መደበቅ አይቻልም።

በዚህ ሳምንት ተራው የአጣቢዎቹ አለቃ ነበር። በስሟ የሚጠራት የለም፣ «ሞገደኛዋ» ነው የሚሏት። ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው የመኪናዋን ቀኝ በር እያሳየ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ጨርቅ መያዝ የማታውቂ፣ እጅሽ ይቆረጥ» አላት። ሥራ አስኪያጁም ከጎኑ ቆሞ «ይቅርታ ጠይቂያቸው» አላት።

«ያላደረግሁትን አልጠይቅም» አለች፤ አልጠየቀችም።

አሁን ደግሞ ፖሊስ ተጠርቶ እየመጣ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ዕቃ ቤት ድረስ ተከትሏት ገባ።

«ስሚኝ፤ ተጨቃጨቅን፣ እሳቸውም አዳለጣቸው በይ። ነገሩ በአጭሩ ያልቃል።»

«ሳልደርስበት?»

«ለላቫጆው ስም ብዬ ነው።»

«የኔስ ስም፣ ጋሼ? ከእጣቢው ጋር ወደ ቱቦ ይግባ?»

መፍራቱንስ ፈርታለች። ቤት ውስጥ ከአልጋ የማይነሱ እናት አሏት፤ እሷ ብትታሰር ገላቸውን የሚያጥብ፣ የሚያገላብጣቸው ሰው የለም። ቢሆንም ያልሠራችውን ሠራሁ ልትል አልፈለገችም።

መርማሪዋ ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ የሟቹን የተጨበጠ እጅ ፈልቅቃ የጥፍር ያህል የወረቀት ቁራጭ አወጣች። ከዚያ ወጥታ፣ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ዞረቻት። አረፋው እየረገፈ ሲሄድ በሮቹ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ቀጫጭን መስመሮች ቀርተዋል።

መጀመሪያ የሟቹን ሾፌር ጠየቀችው።

«ሻይ ልጠጣ ስወጣ ይቺ ሴትዮ ሳሙና እየረጨች ጋሼ ላይ ትጮህ ነበር» አለ። «ስመለስ ወድቀው አገኘኋቸው።»

«ስትረጭ አይተሃታል?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ቢሮ ውስጥ ስልክ ላይ እንደነበር ተናገረ። «ከዚህ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ስትለው ጥያቄው ገርሞት «እዚሁ ዘጠኝ ዓመት አጥቤአለሁ» አላት።

«አንቺስ፣ እህቴ?»

«ዛሬ ያቺን መኪና አልነካኋትም» አለች ሞገደኛዋ። «ዕቃ ቤት ሳሙና ስበጠብጥ ነበር። ያየኝ ሰው የለም፤ አለ ብዬ አልዋሽም።»

«ከሟቹ ጋር ተነጋግራችኋል?»

«ወረቀቱን ሰጥቼዋለሁ።»

የወረቀቱ ደንብ የራሷ ፈጠራ ነው። መኪና ውሃ ሳይነካው በፊት ዙሪያውን አይታ፣ ያለበትን ጭረት ሁሉ ደብተር ላይ ትመዘግብና ያመጣውን ሰው ታስፈርማለች። ማክሰኞ ደብተሩን ለሰውዬው ላሳይ ስትል ግን ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛ ታስኮርፊብኛለሽ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባት። ሦስት ቀን ሙሉ ለምና፣ ተጨቃጭቃ፣ ዛሬ ጠዋት ነው ያስከፈተችው። ሰውዬው ሲመጣ የማክሰኞውን ቅጠል ቀድዳ «መጀመሪያ አንብበው፣ ከዚያ ስደበኝ» አለችው። አነበበና ወረቀቱን እንደያዘ ወደ መኪናው ተመለሰ።

መርማሪዋ ደብተሩን ተቀብላ አገላበጠች፤ አንድ ገጽ ላይ ቆየችና ዘጋችው። ከዚያ ሁሉንም ግቢው መሃል ሰበሰበቻቸው። አቧራ የጠጣች አንዲት ጭነት መኪና አስቀርባ የሳሙናውን መርጫ በየተራ አስያዘቻቸው።

«እንደ ልማዳችሁ እርጩ።»

ሌሎቹ ሁለት አጣቢዎች ጎንበስ ብለው ከጎማው ወደ ላይ ረጩ። ሞገደኛዋም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ከታች ጀመረ። ሾፌሩ ግን መርጫውን ቀጥ አድርጎ ጣሪያው ላይ ለቀቀው።

«ለምንድን ነው ከታች የምትጀምሩት?» አለች መርማሪዋ።

ሞገደኛዋ መለሰች፦ «ከላይ ከጀመርን ሳሙናው ደረቅ አቧራ ላይ እየወረደ መስመር ያወጣል። መስመር ያየ ደንበኛ ደግሞ ቀለሜን ላጣችሁት ብሎ ይመጣል። በዚህ ስንት ስድብ ጠጥተናል!»

«ጥቁሯ መኪና ላይ ያለው መስመር ከላይ የወረደ ነው» አለች መርማሪዋ። «የረጫት ሰው አጣቢ አይደለም። አንተ ግን ስትረጭ በዓይኔ አየኋት ብለሃል።»

ሾፌሩ መርጫውን መሬት ላይ አኖረ። «ተናዳ... ተናዳ ይሆናላ እንዲያ ያደረገችው።»

«እሺ፣ ተናደደች እንበል። ወረቀቱስ? ሟቹ እጅ ውስጥ የቀረችው ጠርዟ ብቻ ናት። የቀረውን አንድ ሰው ነጥቆ አጥፍቶታል። ይቺ ሴት ከስድብ የሚያድናት ያ ወረቀት ነው። መከላከያዋን በገዛ እጇ ለምን ታጠፋለች? ሥራ አስኪያጁም ወረቀቱን ማጥፋት ቢፈልግ ሦስት ቀን መሳቢያው ውስጥ ነበረ። የጠፋው የሚያጋልጠው ሰው ስላለ ነው።» ደብተሩን ገለጠችው። «የነጠቀው ሰው ከሥሩ ካርቦን መኖሩን አላወቀም። ቅጂው ይኸው፦ ቀኝ በር፣ ረጅም ጭረት፣ ከእጥበት በፊት። ፊርማው የማን ነው?»

ሾፌሩ አላየውም። ማየትም አላስፈለገውም።

«የግቢያቸውን በር ገጭቼ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዳያባርሩኝ ብዬ አጣቢዎቹ ናቸው አልኳቸው። ዛሬ ወረቀቱን ይዘው መጡና በጥፊ መቱኝ፤ ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልነበረም።»

«ሳሙናውንስ?»

«እሷ ናት እንዲባል።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሞገደኛዋ አዘነችለት፤ ደግሞ ተናደደችበት፤ የቱ እንደሚበልጥ ለራሷም አልገባትም።

ሥራ አስኪያጁ እጁን አጨበጨበ። «በሉ እንግዲህ፣ ወደ ሥራችን። አንቺም እንኳን ነፃ ወጣሽ።»

እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ማክሰኞ የተሰደብኩት ሰው ፊት ነው፣ ጋሼ። ዛሬም ሰው ፊት ይናገሩልኝ።»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ለኔ ያደርጋል።»

መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ልትገባ በሩን ከፍታ ነበር፤ ሳትገባ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኙን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«መኪናውን... እሷ አልጫረችውም» አለ ወደ መሬት እያየ። «ይቅርታ ጠይቂ ማለቴ ስህተት ነበር።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ሞገደኛዋ። «ይድገሙት።»