ቀዩን እንዳትገዢ

«የዚህ ብስክሌት መሪ ጠማማ ነው» አለች አክስት።

መሪው ጠማማ አልነበረም። ባለሱቁ ያውቃል፤ አክስት ታውቃለች፤ ከኋላዋ ቆማ የጫማዋን ጫፍ የምታየው ልጅም ታውቃለች። ገበያ ግን እንዲህ ነው፤ ልብ የወደደውን አፍ ካላጣጣለው ኪስ ይራቆታል።

«ቀጥ ያለ ነው እትዬ» አለ ባለሱቁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።

«ቀጥ ያለ ይለኛል! ወንድሜ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጠማማ ነው አልኩህ፣ ጠማማ ነው።»

«እንግዲያው ሲሰፉ የኖሩት ጠማማ ልብስ ነዋ።»

ትንሽ ልጁን በእጁ ይዞ የሕፃን ብስክሌት የሚያማርጥ አንድ አባት ሳቁን በሳል ሸፈነ። አክስት ግን አልሳቀችም።

ሰፈርተኛው አክስትን «መጋዟ» ይላታል፤ ዋጋ ስለምትቆርጥ። አልጋ የሚገዛ፣ የብረት በር የሚያሠራ ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን ቤት ነው። ይዟት ይሄዳል፤ ታጣጥላለች፣ ትቆጣለች፣ በመጨረሻ ጥላ ትወጣለች፤ ሻጩም ከኋላ ተጣርቶ ይመልሳታል። ጥላው ወጥታ ያልጠራት ሻጭ አልነበረም። ዛሬ ግን የመጣችው ለራሷ ሰው ነው፣ ለእህቷ ልጅ። 

ልጅቷን ትምህርት ቤት «ቀጮ» ነው የሚሏት፤ ስሟን የሚያስታውስ መምህር እንኳን ጥቂት ነው። የድሮው ትምህርት ቤቷ ከቤቷ ጀርባ ነበር፤ አዲሱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በእግሯ ስትሄድ ታረፍዳለች። ዳይሬክተሯ «ከእንግዲህ ካረፈድሽ ወላጅ ሳታመጪ እንዳትገቢ» ብላታለች። ወላጅ ማለት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ከሥራ የቀረችበት ቀን አይከፈላትም። አሮጌ ብስክሌት ይገዛ ሲባል አክስት «የሰው በሽታ አልገዛም» አለች። አዲስ እንግዲህ። አዲሱ፣ ያ ሰማያዊው፣ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ካላለ ግን አክስት ቦርሳ ውስጥ ያለው ገንዘብ አይደርስበትም።

«የመጨረሻውን ንገረኝ» አለች አክስት።

«ነገርኩዎት እኮ።»

«የመጨረሻ መጨረሻውን።»

«እትዬ፣ እዚህ ሱቅ መጨረሻ አንድ ነው።»

አክስት ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። «በቃ፣ ነይ ልጄ። ብስክሌት እንደሆነ በየመንገዱ ነው። እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ለሀብታም ሽጠው።»

ወጡ። አክስት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ሰው እንዲደርስባት የምትፈልግ ሴት አረማመድ ነው። ከበሩ ጥቂት እልፍ ብላ ሻሿን አስተካከለች። ትንሽ ሄዳ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። ከውስጥ የባለሱቁ ድምፅ ይሰማል፤ ለዚያ አባት ስለ ሕፃን ብስክሌት ኮርቻ እያስረዳ ነው።

«ይጠራናል» አለች አክስት።

«አይጠራንም፣ አክስቴ።»

«ዝም በይ። ታይዋለሽ።»

ቆሙ። የቆሙበት ግድግዳ ሥር ፀሐይ ነበር፤ የአክስት ግንባር አብረቀረቀ። ማንም አልጠራቸውም። በመጨረሻ አክስት ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣ ቀጮ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ፣ «መነጽሬን ረሳሁ ብዬ ብመለስ ያውቅብኛል?» አለቻት።

አክስት መነጽር የላትም። ቀጮ መጋዟ ሰው ስትለምን አይታ አታውቅም፤ ያውም ለእሷ ብላ። ሐሙስ ዕለት ዳዶ የነገራት ነገር ትዝ ያላት ያኔ ነው።

ዳዶ የክፍሏ ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ እዚሁ ሱቅ ብስክሌት ስለሚገጣጥም ኪሱ ዳዶና ቡሎን አያጣም፤ ስሙም ከዚያ መጣ። የሚሠራው መነጽር ለመግዛት ነው። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየውም፤ ቀጮ ናት ከጎኑ ሆና በሹክሹክታ የምታነብለት።

«ቀዩን እንዳትገዢ» አላት ሐሙስ ዕለት፣ በእረፍት ሰዓት።

«ለምን? ደግሞ ማን ቀይ ይገዛል? የእሳት አደጋ መኪና ነኝ እንዴ?»

«ቀልዴን አይደለም። ለማንም አትናገሪም?»

«ለማን እነግራለሁ፣ አቦ?»

ነገራት። የብስክሌት ቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ግራው ግን ግልባጩ ነው፤ ወደ ግራ ካልዞረ አይገባም። ዳዶ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን የዚያን ቀን እያወራ፣ እየሳቀ፣ የቀዩን ግራ ፔዳል በቁልፍ በጉልበት ወደ ቀኝ አዞረው፤ ፔዳሉ የሚገባበት ብረት ጥርሱ ተበላ።

«ግራሶ ለቅልቄ አስገባሁት። ቆሞ ላየው ሰው ደህና ነው። ሲነዱት ግን ይወልቃል።»

«ባለሱቁ አያውቅም?»

«ቢያውቅ እስካሁን ያቆየኛል? ከኋላ ወስጄ ካርቶን ደግፌበታለሁ። ደሞዝ ስቀበል ብረቱን ገዝቼ ቀስ ብዬ እቀይረዋለሁ። እስከዚያ ግን እንዳይሸጡልሽ። ወድቀሽ አንገትሽ ቢሰበር ሰሌዳውን ማን ያነብልኛል?»

ይህን ነው የነገራት። ለእሷ ብሎ ነው የነገራት።

ቀጮ አክስቷን እግድግዳው ሥር ትታ ተመለሰች። ሱቁ ውስጥ የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ብስክሌቶቹ ከጣሪያው በመንጠቆ ተንጠልጥለዋል፤ ከኋላ ጥግ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዱካ ላይ ተቀምጦ ካቴና ይቀባል። ዳዶ የለም፤ ቅዳሜ የሚገባው ከሰዓት ነው። መግባቷን ያወቀው እግሯ ነው እንጂ ልቧ አይደለም።

«ጋሼ» አለች፣ «ያ ካርቶን የተደገፈበት ቀይ ብስክሌት የግራ ፔዳሉ ጥርሱ ተበልቷል።»

የሕፃን ብስክሌት የሚገዛው አባት ዞረ። ባለሱቁ ስልኩን አስቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ግራ ፔዳሉ። ሲነዱት ይወልቃል።»

ባለሱቁ ካርቶኑን አነሳ፤ ቁልፍ አስገብቶ አዞረ። ፔዳሉ ምንም ሳያስቸግር እጁ ላይ ወደቀ። ግራሶው ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሳየው ዘንበል ያለ መሰለኝ።»

ይህኔ አክስት ገባች። ከመጀመሪያው ያሰበችበት ይመስል አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የገባችው። «ወንድሜ! ለልጅ ይኼን ልትሸጥ ነበር? ሌላውስ በምን ይታመናል?» ያለችው ለባለሱቁ ነበር፤ ያየችው ግን ወደ አባትየው ነው። አባትየው የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ባለሱቁ ከሰማያዊው ላይ ስምንት መቶ ቀነሰ፤ ሽማግሌው ቡሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲፈትሽላቸውም አዘዘ። ሽማግሌው አጠበቀ፣ ፈተሸ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ አደረገ። ብስክሌቱን ሲያስረክባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አንቺ ልጅ፣ የፔዳል ጥርስ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም» አላት።

ቀጮ መሪውን ይዛ ብስክሌቱን ወደ በሩ ገፋችው። 

አክስት እስከ ቤት ድረስ ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቆመች። «መጋዝ ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቤቴ ውስጥ ሌላ እያሳደግኩ ኖሯል!» እናትየዋ ማታ ስትመጣ ብስክሌቱን ነካ ነካ አድርጋ፣ የልጇን ግንባር ሳመች። ቀጮ እራት አልበላ አላት። ለራሷ ግን መልስ አላጣችም፤ ሰው ለራሱ መልስ አጥቶ አያውቅም። ቀዩን አንድ ሰው ገዝቶ መኪና ፊት ቢወድቅስ? አንድ ሕፃንስ ቢሆን? ሐቅ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆማ ሳለ ግን ስለ ሕፃን አላሰበችም።

ሰኞ ደወል ሳይደወል ደረሰች። ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን አይታ ራሷን ነቀነቀችላት። ዳዶ ግን አልመጣም። የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ስታነብለት እንኳን አልጻፈም።

ከትምህርት በኋላ በሩ ላይ ጠበቃት። ብስክሌቱን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ፈካ።

«ሰማያዊውን ገዛሽ! ጎሽ። እኔ ነኝ እኮ የገጠምኩት። የኋላ ጎማውን አይተሽዋል? ሲሽከረከር እንደ ውኃ ነው።»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ ተባረርኩ።»

ቀጮ መሪውን ጨበጠች።

«ቅዳሜ ስገባ ፔዳሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። የወሩን ደሞዝም ለተበላሸው ብረት ነው ብሎ አስቀረው። እናቴ ሳትሰማ ሌላ ሥራ ካላገኘሁ አለቀልኝ።»

«ማን እንደነገረው አልነገረህም?»

«‹የሚያይ ዓይን ሞልቷል› ብቻ ነው ያለኝ። ሽማግሌው ነው፣ ሌላ ማን ይሆናል? የዚያን ቀን አጠገቤ የነበረ እሱ ብቻ ነው። አባባ፣ አባባ እያልኩ ሻይ ስገዛለት ከርሜ!» ደብተሩን ብብቱ ሥር አደረገ። «ቆይ፣ አሳየዋለሁ። እሱም ንጹሕ አይደለም። አሮጌ የፍሬን ሽቦ፣ የተጣለ ቡሎን እየለቀመ ቤቱ ይወስዳል። አሁን ሄጄ ለባለሱቁ እዘረግፍለታለሁ።»

«የተጣለ ነገር አይደለም እንዴ የሚወስደው?»

«ታዲያ? እኔስ ደሞዜን የተቀማሁት ለአንድ ፔዳል አይደል?»

መንገድ ጀመረ። ቀጮ ብስክሌቱን እየገፋች ከጎኑ ሄደች።

«ተወው፣ አቦ።»

«አልተወውም።»

«ሽማግሌ ሰው ነው፤ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል?»

«ሲያስባርረኝ አስቦልኛል?»

እርምጃው ፈጣን ነው፤ ብስክሌቱን እየገፉ እሱን መከተል ከባድ ነበር። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ፎቶ ቤቱን አለፉ። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ታየ። ሽማግሌው በሩ ላይ ዱካውን አውጥቶ ተቀምጧል፤ የተነፋ ጎማ ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀና ሲል ሁለቱን አያቸው፤ እርጥብ እጁን አነሳላቸው።

«ዓይን አውጣ! ደግሞ ሰላም ይለኛል» አለ ዳዶ። መኪና እስኪያልፍ ቆመ።

አንድ ሚኒባስ አለፈ። ከኋላው የጭነት መኪና ይመጣል፤ ቀርፋፋ ነው፣ አሸዋ ጭኗል።

«እሱ አይደለም» አለች ቀጮ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት።»

ዳዶ ሳቀ። «ሙድ አትያዢብኝ፣ አሁን ጊዜው አይደለም።» ከዚያ አያት። ከዚያ ሰማያዊውን ብስክሌት አየ። የጭነት መኪናው አለፈ፤ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ እሱ ግን አልተሻገረም።

 ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ሰው ይወድቃል ብለሽ ፈርተሽ ነው?» አላት። ጥያቄ ብቻ አልነበረም፤ ልመናም ነበረበት። አዎ ብትለው ያምናታል። አዎ ብትለው ነገም አጠገቧ ይቀመጣል፤ እሷም ሰሌዳውን ታነብለታለች።

«አይደለም» አለች። «ዋጋ እንዲቀንስልን ነው።»

ዳዶ እጁን ኪሱ ከተተ። ማዶ ሽማግሌው ቀዳዳውን አግኝቶ ጣቱን አሳርፎበታል።

«ስንት ቀነሰላችሁ?»

አሳንሳ ብትናገር «እንዴት ለዚህች ብለሽ?» ይላታል። አብዝታ ብትናገር ደግሞ ምናልባት ትንሽ ይገባው ይሆናል።

ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነገረችው።