የፍራሽ ነጋዴው እንቅልፍ

ፍራሽ ነጋዴው በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው ያለው ማሽን አየር ይነፋል፤ ጭምብሉ አፍና አፍንጫውን ገጥሞ ይዟል፤ አየሩን የሚቀበል ግን አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ለሰው እንቅልፍ ሲሸጥ የኖረ ሰው አንድ ሌሊት እንኳ እፎይ ብሎ ሳይተኛ ሄደ። ሠራተኞቹ በሌለበት «መጋዙ» ይሉት ነበር። ማንኮራፋቱ ከላይኛው ቤት እስከ ታችኛው ሱቅ ይሰማ ነበር፤ ነቅቶ ሳለም ቢሆን ንግግሩ ሰው ይቆርጣል።

ሚስቱ አላለቀሰችም። ደረጃው ላይ ቆማ የአንዲት ወጣት ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

«ይቺ ናት የገደለችው» አለች፣ መርማሪዋ ገና ከበሩ ሳትገባ። «ሥራዋ አንድ ነው፤ እሱንም ተኛችበት።»

«ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ማዳመጥ።»

ወጣቷ የሟቹ የታናሽ ወንድም ልጅ ናት። ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ ዓይኗን ያየ ግን አርባ ያደርጋታል። ሟቹ እንቅልፍ ሲወስደው ጉሮሮው ይዘጋና ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው እያቃሰተ ይመለሳል። ሐኪም ይህን የነገረው ዕለት ሞትን ፈራ፤ የቀዶ ጥገና ቢላ ደግሞ ከሞት አብልጦ ፈራ። ስለዚህ የወንድሙን ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ትንፋሹ ሲቆም ታገላብጠዋለች። ተደግፋ እንዳታሸልብ ወንበር ከልክሏታል። ቀን ቀን ደግሞ ቤቱን ታጸዳለች። ባዕድ እንዲህ ቢያደርጋት አገር ይጮህላት ነበር፤ አጎቷ ስላደረገው ግን «ቤተሰብ መረዳዳት ነው» ተባለ።

አብሮ የመጣው ፖሊስ ካቴናውን አውጥቷል። «ልውሰዳት?»

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለች መርማሪዋ። ባልደረቦቿ «ቅንድብ» የሚሏት ሴት ናት። ውሸት ስትሰማ አንድ ቅንድቧ ከፍ ይላል ይባላል። እሷ ተፈጥሮዬ ነው ትላለች፤ ሰው ግን ያንን ቅንድብ እያየ ራሱን በራሱ ያጋልጣል።

ወጣቷን ለብቻ አስቀመጠቻት።

«ማታ ምን ሆነ?»

«አጎቴ ወተቱን ጠጣ። የተረፈውን ለኔ ሰጠኝ፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«ከዚህ በፊትስ ጥሎሽ ያውቃል?»

«አንዴ። በውሃ ቀሰቀሰኝ።»

«ስትነቂ ምን አየሽ?»

«ነግቷል። ጭምብሉን አድርጓል። ግድግዳ ላይ ወርውሮ ማያያዣውን ከሰበረው ወዲህ አድርጎት አያውቅም።»

ከወተቱ ብርጭቆ ውስጥ ያልሟሟ ነጭ ዱቄት ተገኝቷል። መርማሪዋ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ሚስትየው ሄደች።

«ወተቱን ማን አፈላው?»

«እኔ።»

«የእንቅልፍ ክኒንስ የማን ነው?»

«የኔ። ከመጋዝ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖረ ያለ ክኒን የሚተኛ ማን አለ? ክኒኔን እውጣለሁ፣ ጆሮዬን በጥጥ እወትፋለሁ፣ ሌላ ክፍል እተኛለሁ። ክኒኑ ኩሽና መደርደሪያ ላይ ነው፤ የፈለገ ያነሣዋል።»

«ማታ ኩሽና ማን ገባ?»

«እኔ፣ እሷ፣ እና የሱ ወንድም። ራቱን እዚያ ነው የሚበላው፤ የሚያድረውም ታች ሱቁ ጓዳ ነው። የውጭውን በር የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረም።»

«ባለቤትዎ ሲሞቱ ፍራሽ ቤቱ ለርስዎ ይደርሳል?»

«ሊሸጠው እኮ ነበር። ለገዢው ቃል ሰጥቷል።»

«እዚያ ወርደው ያውቃሉ?»

«ምን ልሠራ? የጥጡ ብናኝ ያፍነኛል።»

ሲያክመው የኖረው ሐኪም ሬሳው አጠገብ ጠበቃት። ሰውየውን አይወደውም ነበር፤ ለመደበቅም አልሞከረም።

«ያለ ቢላ የሚሆነውን ሁሉ ነግሬው ነበር» አለ። «ክብደት ቀንስ፣ መጠጥ ተው፣ የእንቅልፍ ክኒን አጠገብ እንዳትደርስ፣ በጎንህ ተኛ አልኩት። አየሩ ጉሮሮውን ከፍቶ እንዲይዝለት ማሽኑን አዘዝኩለት። አፈነኝ ብሎ አሽቀንጥሮ ጣለው።»

«ከዚያስ?»

ሐኪሙ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ የሟቹን ከንፈር ገለጠ። ጥርሶቹ ላይ የተገጠመ ፕላስቲክ ብልጭ አለ።

«ይኸው። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይስበዋል፤ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን አይዘጋም። የጥርስ ባለሙያ በልኩ ሠራለት። ይህን አድርጎ በጎኑ ሲተኛ ትንፋሹ አይቆምም፣ ማንኮራፋቱም ቀርቶለት ነበር።»

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ትቀመጣለች?»

«ከእንግዲህ አታስፈልግህም፣ ትተኛ አልኩት። ‹ሥራ ፈትታ ከምትበላ ትቀመጥ› አለኝ።»

መርማሪዋ ለሟቹ የቀራት ሐዘኔታ ካለ በዚያች ደቂቃ አለቀ።

«ከንፈሩ ከውስጥ ተቆርጧል» አለ ሐኪሙ። «ከውጭ በኃይል ተጭነውት ከፕላስቲኩ ጋር አጣብቀውታል።»

«በትራስ?»

«ይመስለኛል። ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ጭምብል ሲያስር ጉንጩ ላይ ቀይ ሰንበር ያወጣል። እሱ ምንም የለውም። ጭምብሉ የታሰረለት ከሞተ በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከጆሮው በላይ ያለውን ማሰሪያ አየች። ማያያዣው ተሰብሯል፤ በቦታው ጥብቅ ያለች ትንሽ ቋጠሮ አለች። ልትፈታት ሞከረች፤ ቋጠሮዋ ይበልጥ ጠበቀች እንጂ አልላላችም።

ወጣቷ በር ላይ ቆማ ነበር። «ይህን የጥርስ ነገር ታውቂዋለሽ?» አለቻት።

«ጠዋት ጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ። እትዬ እንዳትስቅበት ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል።»

የሟቹ ወንድም ታች ፍራሽ እየሰፋ ነበር። ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። ግራ እጁ ጥጡን ወደ ታች ይጫናል፤ ቀኝ እጁ ብቻውን ክሩን ዞር ያደርግና ይቋጥራል፣ ይስባል። ዓይኑን እንኳ አይጥልበትም።

«ዛሬም ይሠራሉ?»

«እጄ ሥራ ከፈታ አብዳለሁ።»

«ይቺ ቋጠሮ ጠንካራ ናት።»

«የፍራሽ ሰሪ ነች፤ እኔና ጋሼ ከአባታችን ነው የተማርናት። አንዱ እጅ ጥጡን ከለቀቀ ያብጣል፤ ስለዚህ በአንድ እጅ ነው።»

«ለልጅዎ አላስተማሯትም?»

«ጋሼ መች ታች ያወርዳታል?»

«ልትታሰር ነው።»

እጁ ቆመ። «ምን አጥፍታ? ጭምብሉን አድርጎ አይደል የሞተው? የማሽኑ ጥፋት ነው። እስከ ዛሬም ያቆየው ማሽኑ ነው፤ ሰሞኑን ማንኮራፋቱ እንኳ ጠፍቶለት ነበር።»

ቅንድቧ ከፍ አለ።

ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንበር ስላልነበረ ለሽያጭ በተዘረጉት ፍራሾች ላይ ተቀመጡ፤ ሰው በተነቃነቀ ቁጥር የተጠቀለሉበት ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰውየው የሞተው ልጅቷ ስለተኛች አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ሁለቱም ከአንድ ብርጭቆ የእንቅልፍ ክኒን ጠጥተዋል። ከዚያ አንድ ሰው ገብቶ በጀርባው አንጋለለው፣ በትራስ አፈነው፣ ነፍሱ ከወጣች በኋላም ጭምብሉን አሰረለት።»

«እሷ ራሷ አታስረውም?» አለች ሚስትየው።

«እሷ ጭምብሉ እንደተጣለ ታውቃለች። አጎቷ ጥርሱ ላይ ሌላ መሣሪያ አድርጎ እንደሚተኛም ታውቃለች። የማይጠቀምበትን ነገር ምን ብላ ታስርለታለች? ያሰረለት ሰው በማሽኑ የዳነ የመሰለው ሰው ነው።»

«እኔም የጥርሱን ነገር አላወቅሁም» አለች ሚስትየው፤ እንዳለችም ምላሷን ብትነክሰው ደስ ባላት።

«አዎ፣ እርስዎም አያውቁም። ነገር ግን ማያያዣው ተሰብሯል። ጨለማ ነው፣ ችኮላ ነው። ገዳዩ በአንድ እጁ የሟቹን ራስ ይዞ በሌላው ቋጠረው፤ እጁ የለመደውን ሠራ። በዚህ ቤት ካደሩት መካከል እንደዚያ መቋጠር የሚችሉ ሁለት ናቸው። አንዱ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ለራሱ አይቋጥርም።»

ሁሉም ወደ ሟቹ ወንድም ዞሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ሊሸጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እያንዳንዱ ፍራሽ የኔ እጅ ነው። ‹ወንድሜ ነህ፣ ገዢው ዘበኛ አድርጎ ይቀጥርሃል› አለኝ።»

«ለፍራሽ ቤቱ ብለው ነው እንግዲህ።»

«ለሷም ነው! ልጄ እንቅልፍ አጥታ ስትመነምን እያየሁ…»

«ወደ በርጩማው የወሰዳት ማን ነው?»

ወስዶ የሰጣት እሱ ነበር፤ ወንድሙ በሥራው እንዲያቆየው ብሎ።

ፖሊሱ ካቴናውን ሲያስገባለት ወደ ልጁ ዞረ። «ጭምብሉን ያሰርኩት ላንቺ ብዬ ነው» አላት። «‹ተኝታ አስገደለችው› እንዳይሉሽ። በማሽኑ አሳብበው ይተዉሽ ነበር።»

«ባያስሩለት ኖሮ» አለች መርማሪዋ፣ «እርስዎን ለመያዝ አንድም ማስረጃ አልነበረኝም። የምወስደው እሷን ነበር።»

ሰውየው ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። በዕድሜው ለልጁ ያደረገላት አንድ ደግ ነገር ያ ነበር፤ እሱም ከነደሙ።

ወጣቷ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም።

«አባዬ» አለችው፣ «ክኒን ምን አስፈለገ? አንድ ቀን እንኳ ላይ ወጥተህ ‹ልጄ፣ ተነሺ እንሂድ፣ ተኚ› ብትለኝ እተኛልህ ነበር።»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

በሩ ሲዘጋ ወጣቷ በተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ፣ በላስቲኩ ላይ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጋደም አለች።

«ተነሺ ከዚያ» አለች ሚስትየው። «ለሽያጭ ነው። ደግሞ ዛሬውኑ ዕቃሽን ሰብስበሽ ትወጫለሽ፤ የነፍሰ ገዳይ ልጅ አላኖርም።»

ሁለተኛ ጠራቻት፤ ሦስተኛ ጮኸችባት። ልጅቷ አልሰማችም። ተኝታለች።