የተመለሰው ቁልፍ

በከተማው ትልቁ የአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ፣ በጫማ መሸጫና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመባት ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ባልተቀረጹ ቁልፎች የተሸፈነ ነው። ከቁልፎቹ በላይ ባለቤቱ በገዛ እጃቸው የጻፉት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «እዚህ ቤት የተቀረጸ ቁልፍ ተመልሶ አያውቅም» ይላል።

በዚያ ሰሌዳ ሥር የሚሠራው ወጣት የባለቤቱ የእህት ልጅ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን የተቆለፈ። አጎቱ «ዝምታው» ይሉታል፤ ደንበኛውም ከእሳቸው ሰምቶ እንዲሁ ይለዋል። በቀን አርባ ቁልፍ ይቀርጻል፤ ለራሱ አፍ የሚሆን ግን እስካሁን አልቀረጸም።

ታላቅ እህቱ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥታለች። ሰው የሚተዋወቅበትን መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጭና፣ የእሱን ፎቶ ለጥፋ፣ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ይዛለታለች። የመጀመሪያዋ ልጅ ሻይዋን ጠጥታ እስክትጨርስ ከእሱ አፍ የወጣው «ስኳር ይጨመር?» የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛዋ ስለ ሥራው ስትጠይቀው ደስ ብሎት፣ ማንኛውም በር ያለ ቁልፉ እንዴት እንደሚከፈት አንድ በአንድ አስረዳት፤ ልጅቷ ቤቷ መቆለፉን ልታይ ተነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተሳስቶ ካልቀጠረችው ሴት ጠረጴዛ ተቀመጠ። ባሏ እጁን ታጥቦ ተመለሰ።

«እታለም፣ በቃኝ» አላት ያን ቀን።

«ምን በቃኝ ትለኛለህ! ይኼ ሁሉ ሕዝብ በሚተራመስበት ከተማ አንድ ሰው ይጠፋል?»

«ሰው አልጠፋም። የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ብስክሌቷን ከሱቁ ደጃፍ አስደግፋ ገባች። ጀርባዋ ላይ ሣጥን የሚያህል የዕቃ ቦርሳ አዝላለች።

«እንዴት አደራችሁ! ይቺን ቁልፍ ቶሎ ብትቀርጽልኝ፣ ወንድም። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የራሷን ቁልፍ ጥላ ባንድ ለሁለት ቀረን።»

ራሱን ነቀነቀና ማሽኑን አስነሣ። ማሽኑ ጮኸ። እሷም ድምፅዋን ከማሽኑ በላይ ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

«እዚህ ከተማ ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። ዕቃ ነው የማደርሰው። በቀን ስልሳ በር አንኳኳለሁ፤ ስልሳ ሰው ፈርሞ ይቀበለኛል፤ ስልሳ በር ፊቴ ላይ ይዘጋል። በሮቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ከሰዎቹ ግን አንድም አላውቅ። አያስቅም?»

አልሳቀም። ቀና ብሎ አያት። የብስክሌት ቆቧ ማሰሪያ ጉንጯ ላይ መስመር ጥሎባታል። እሷም ወሬዋን አቋርጣ አየችው። ዓይን ለዓይን የገጠሙት ለአፍታ ነው፤ ማሽኑ ግን በዚያች አፍታ ከሚገባው የፀጉር ውፍረት ያህል አልፎ ቁልፉን በላው። ቁልፍ ቀራጩ አላስተዋለም።

በማግሥቱ ተመልሳ መጣች።

«አልከፈተም። ጓደኛዬ እስክትመጣ ሁለት ሰዓት ደረጃ ላይ ተጎለትኩ።»

አጎቱ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። ወጣቱ ሰሌዳውን አየ፤ ሰሌዳውም እሱን ያየው መሰለው። ቁልፉን ከዋናው ጋር ሲያስተያየው ሦስተኛው ጥርስ ጠልቋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

«እንዴ! ትናገራለህ እንዴ?» አለች ልጅቷ።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። አዲስ ቁልፍ ወስዶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀረጸ፤ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ፤ ሁለቴ ለካው። አመስግና ሄደች።

«ስማ» አሉት አጎቱ ብስክሌቷ ከዓይን ስትርቅ። «ሰው ነህና አንዴ ይሁን። ሌላ ቁልፍ ከተመለሰ ግን ከዚህ ማሽን ትነሣለህ። ጓዳ ገብተህ ቁልፍ ስትለቅም ትውላለህ።»

ወጣቱ ከዚያ ማሽን ሌላ የሚኮራበት ነገር በዓለም አልነበረውም።

አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ሱቁ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ ልጅቷ መጣች። እንደ ሌላው ጊዜ ከደጅ አልጮኸችም። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አኖረችና ወደ ብስክሌቷ እያየች፣

«ይኼም አልከፈተም» አለች።

ቁልፉን አንሥቶ ወደ መብራቱ አቀረበው። በር ያልነካ ቁልፍ ጎኑ ንጹሕ ነው። ገብቶ የዞረ ቁልፍ ግን ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰሉ የሚያብረቀርቁ ጭረቶች ይታዩበታል። በዚህኛው ላይ ጭረቱ ተደራርቧል። ገብቷል፣ ዞሯል፣ ወጥቷል፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴም አይደለም። በሩን አሳምሮ ይከፍታል።

ታዲያ ለምን መጣች?

መልሱ ሲገለጥለት ልቡ ከማሽኑ ብሶ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ከጀርባው የአጎቱ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው?»

እውነቱን ቢናገር ልጅቷ በሰው ፊት ዋሾ ልትባል ነው። ዝም ቢል ማሽኑ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ከመናገር ከበደው።

«እንደገና ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጅቷ ደነገጠች። «አይ፣ እሱ እኮ...»

«ቤቷ ድረስ ሄጄ በሩን ማየት አለብኝ» ሲል አቋረጣት። ቁልፉን ጨምቆ ይዞታል።

አጎቱ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ተቀብለው ወደ መብራቱ አቀረቡና ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መለሱለት።

«ሂድና እየው» አሉ። «ሞረድህን እንዳትረሳ።»

ብስክሌቱን በመሃላቸው አድርገው ተጓዙ። ያቺ ወሬኛ ልጅ ትንፍሽ አላለችም። እሱም ልማዱ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ቁልፉን ከተተ፤ አዞረ። በሩ ሲጥ እንኳ ሳይል ተከፈተ።

ሁለቱም በሩን አዩት።

«ተከፈተ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«አዎ።»

«አየሩ ይሆናል። ብረት በሙቀት ጊዜ...»

«ትናንትም ይከፈት ነበር» አለ። «ከትናንት ወዲያም። ቁልፍ ሲዞር ጎኑ ይጫራል።»

ቆቧን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች። ከቆቡ ውስጥ «ወይኔ ጉዴ!» የሚል ድምፅ መጣ። ቆየችና በአንድ ዓይኗ ብቅ አለች።

«ታዲያ እያወቅህ ለምን ጥፋቱን ወሰድህ? ሽማግሌው አያባርሩህም?»

«ከማሽኑ ነው የሚያነሡኝ።»

«እና?»

«እና...» አሰበ። «ማሽኑም ቢሆን አንቺን ያህል አያወራም።»

ሳቋ ደረጃውን ሞላው። «እኔ እኮ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው! ስልሳ በር የማንኳኳ ሴት ያንተን ማንኳኳት አቃተኝ።»

አሁን የእሱ ተራ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ሊላት ፈለገ፤ አፉ ውስጥ የነበረችው ግን ያቺው አንዲት ናት።

«ስኳር ይጨመር?»

«ምን ላይ?»

«ሻይ ላይ። ማለቴ... ሻይ እንጠጣ?»

ከቤት ውስጥ የጓደኛዋ ድምፅ መጣ፤ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ወይ ግቡ ወይ ዝጉት፣ ብርድ ፈጀኝ!»

ዘግተውት እየሳቁ ወረዱ። ሻዩ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ብርጭቆ ሆነ። እሱ ያን ቀን ስንት ቃል እንደተናገረ ለእህቱ ቢነግራት አታምነውም ነበር።

ሱቅ ሲመለስ አጎቱን ማሽኑን ሲጠርጉ አገኛቸው። አንገቱን ደፋ።

«ወደ ጓዳ ልግባ፣ ጋሼ?»

«ጓዳ ምን ልትሠራ?»

«ቁልፉ ተመልሷል።»

«አንተ ሞኝ! ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ያየሁ ሰው ጭረት አይቼ የማላውቅ መሰለህ?» አሉና ጨርቁን ወረወሩበት። «ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንተ ግን ሊነቅዝ ጥቂት ነበር የቀረው። በል ና፣ ቀሪውን ጥረግ።»

ዓመት ሳይሞላ ያው ወጣት በዚያው ማሽን ለአንድ በር ሁለት ቁልፍ ቀረጸ፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሚስቱ። እህቱም መተግበሪያውን ከስልኳ አጥፍታ እልል አለች።

ሰሌዳው ዛሬም ተሰቅሏል። ከሥሩ አጎቱ አንዲት ምስማር መትተው ያቺን መጀመሪያ የተበላሸችውን ቁልፍ አንጠልጥለዋታል። ጥርሷ የጠለቀ፣ የትኛውም በር ላይ የማትሠራ ናት። ደንበኛ ሁሉ ያያታል፤ አንዳንዱም ይጠይቃል።

«ይቺ ደግሞ ምን ትከፍታለች?»

ሽማግሌው ባንኮኒው ጋ ከደንበኛ ጋር የሚያወራውን ወጣት በአገጫቸው ያሳያሉ።

«የእሱን አፍ።»