ሳይሞከር የጸደቀው ሥራ

ሌሊሳ በፍራሹ ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ፣ በፋሻ የታሰረ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ እንዳረፈ ሞቶ ተገኘ። ጭሮ ከተማ ጫቷን ይዛ ዝም በምትልበት የከሰዓት ሰዓት ነበር። መብራት ጠፍቷል። ከክፍሉ በር አጠገብ፣ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ፣ በረንዳ ላይ መሆን የነበረበት ጄኔሬተር ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል። የኮሪደሩ የውጭ በር ሥር፣ ጭሱ እንዳይወጣ፣ በሴት ሻርፕ ተወትፎ ነበር።

ሻርፑ ከሌሊሳ ጋር የምትሠራው የፌኔት ነው። ጄኔሬተሩንም ሁልጊዜ የምታስነሳው እሷ ናት። ለፖሊሶቹ ይህ በቂያቸው ሆነና አሰሯት፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ሊያቀርቧት ተቻኮሉ። ኢንስፔክተር ረዲያ ግን የተቻኮለ ነገር አይዋጥላትም። ቤቱ ደርሳ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን ሳይሆን ወለሉን ነበር። ሲሚንቶው አቧራ ለብሷል፤ የተጎተተ ዕቃ ዱካ ግን የለበትም።

«እትዬ ጣሂራ፣ በሩን የከፈቱት እርስዎ ነዎት?» አለቻት የቤቱን ባለቤት።

«ወላሂ እኔ ነኝ። ከጫት ተራ ስመለስ ሽታው ተቀበለኝ። ሻርፑን መንጥቄ ብገባ... ያ አላህ! ልጁ ለተሰበረው እጁ መድኃኒት ይወስድና ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ይተኛል። ሬሳ ነው የሚመስለው ሲተኛ።»

«ጄኔሬተሩን ማን ነው የሚያነሳው?»

«ፌኔት እዚያው በረንዳው ላይ ገመዱን ስባ ታስነሳዋለች እንጂ መሸከሙንስ አትችለውም። ያ ብረት እኮ ጎረምሳ ይፈልጋል።»

ረዲያ ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄደች።

ፌኔት ጣቢያ ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። «ጌታ ያውቃል፣ ሻርፔን ወንበር ላይ ትቼው ነው መዘምራን ልምምድ የሄድኩት። ሌሊሳ ኦቦሌሳ ኮ ነበር፤ ወንድሜ ነበር።»

«ምን ነበር የምትሠሩት?»

«ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር አለ፤ ኮዱን ማንም አውርዶ፣ አሻሽሎ መልሶ ይልካል። ሌሊሳ፣ ኩማና እኔ የአፋን ኦሮሞውን ፊደል አራሚ ይዘናል። አሠራሩን ያስያዘን ሌሊሳ ነው። ዋናው ኮድ አይነካም። ሁሉም የራሱን ቅጂ ያወጣል፣ እዚያ ላይ ይሠራል፣ ይልካል። ሌሊሳ ሲያጸድቀው ከዋናው ጋር ይቀላቀላል፤ የሠሪውም ስም ለዘላለም አብሮት ይኖራል።»

«ዝም ብሎ ያጸድቃል?»

ፌኔት እያለቀሰች ሳቀች። «ሌሊሳ? የእናቱ ሥራ ቢሆን እንኳ ላፕቶፑ ላይ አውርዶ፣ ለብቻው ስም ሰጥቶ አስቀምጦ፣ ሳያስኬደው አያጸድቅም።»

ኩማ ግዙፍ፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ወጣት ነው። ኢንስፔክተሯን ቆሞ ነው የተቀበላት።

«ጠዋት የመጨረሻ ሥራዬን አጸደቀልኝ» አላት። «በዚያ ምክንያት አዲስ አበባ ሥራ ሊቀጥሩኝ ነው። ምን ዋጋ አለው፤ እሱ የለም።»

«አውርዶ አስኬደው?»

«አዎ፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።»

«ጥሩ» አለች ረዲያ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሁሉንም ሌሊሳ በሞተበት ቤት ሰበሰበቻቸው። የጭሱ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ፌኔት ካቴናዋ ተፈቶላት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

«ሌሊሳ ያወረዳቸውን ሥራዎች አሳዪን።»

ተደርድረው መጡ፦ የፌኔት፣ በርቀት ያሉ የማያውቋቸው ሰዎች ሥራ፣ የኩማም የድሮዎቹ። የኩማ የመጨረሻው የለም።

«ሰርዞት ይሆናል» አለ ኩማ።

«ሌሊሳ ምንም አይሰርዝም» አለች ፌኔት በቀስታ። «የመጀመሪያው የተበላሸ ሥራችን እንኳ ይኸው።»

ረዲያ ወደ ኩማ ዞረች። «ጄኔሬተሩ አልተጎተተም፤ በክንድ ታቅፎ ነው የገባው። ሌሊሳ እጁ ተሰብሯል፣ ፌኔት አቅም የላትም። ሻርፑ የተወተፈው ከውጭ ነው፤ የወተፈው ወጥቶ ሄዷል። አንተ ደግሞ ሲያስኬደው አየሁ ያልከው ሥራ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ወርዶ አያውቅም። ሳያይ እንዲያጸድቅልህ ለምነኸዋል፤ እምቢ አለህ። ሲተኛ በራሱ በሌሊሳ ላፕቶፕ አጸደቅህ፤ ነቅቶ እንዳይሽረው ደግሞ ጄኔሬተሩን አስነስተህ በሩን ዘጋህበት። ማውረዱ ዱካ እንደሚተው አላወቅህም፤ የሰው ሥራ አውርደህ ፈትሸህ አታውቅማ። ግን እንዳያየው ለምን ፈራህ?»

ፌኔት ሥራውን አወረደችው። ጥቂት መስመር አንብባ ወደ ኩማ ዞረች።

«ይሄ እኮ የኔ ነው። ከፍላሼ ላይ ነው የወሰድከው። ሌሊሳ ገና ሲያየው ያውቀው ነበር።»

ከዚያ ሌሊሳ እንዳስተማራት አስኬደችው። ስክሪኑ በቀይ የስህተት መስመሮች ሞላ።

«አይሠራም» አለች። «ገና አልጨረስኩትም ነበር፣ ኩማ።»

ጣሂራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ኩማ ፖሊሱ ክንዱን እስኪይዘው ድረስ ቀዩን ጽሑፍ እያየ ቆመ።